ለወንድሟ የጨመረችው ዱቄት

የቤተ ሙከራ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል። እንደ ስሟም ናት፤ ዱቄት ስትመዝን ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች፣ አጠገቧ ያወራ ሰው ወዮለት! ሥራዋ የአጥንት ምትክ መሥራት ነው። ብናኙ በዓይን የማይለይ የአጥንት ማዕድን ዱቄት ሙጫ ከሚመስል ጄላቲን ጋር ታዋህዳለች፤ ድብልቁ በቅዝቃዜ ሲደርቅ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የበሽተኛው ሕዋሳት በቀዳዳዎቹ ገብተው አዲስ አጥንት ይሠሩበታል፤ ስፖንጁም ቀስ በቀስ ይሟሟል።

ታላቅ ወንድሟ ግንበኛ ነው። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ የቅልጥሙ አጥንት ደቀቀ፤ ስብርባሪው ሲወጣ መሃሉ ባዶ ቀረ። ሐኪሙ ነገሩን አላለሳለሰም፤ ክፍተቱ በዚህ ሳምንት ካልተሞላ እግሩ ይቆረጣል። የሙከራ ሕክምናው ሲቀርብለት ዘመድ አዝማዱ «የሙከራ ጥንቸል ነህ እንዴ?» እያለ ቢያስፈራራውም፣ እሱ «እህቴ ከሠራችው ይሁን» ብሎ ፈረመ።

የእሱን ምትክ ልትሠራ ሚዛኑ ፊት ቆመች። የወንድሟ ግዙፍ ሰውነት ዓይኗ ላይ ድቅን አለ። ይህ ለስላሳ ነገር እሱን ይሸከማል? ከልኩ በላይ ትንሽ ዱቄት ጨመረች። አሁንም አላመነችውምና ደገመች።

የወጣው ነገር ሲያዩት ያምራል፤ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ልሙጥ። በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ግን ከዚያው ድብልቅ በተረፈ ቁራጭ ላይ ባለቀለም ውሃ ጠብ አደረገች። ጠብታው ወደ ውስጥ መስረግ ነበረበት፤ ላዩ ላይ ድብልብል ብሎ ቀረ። ዱቄቱ ተጓጉሎ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ውሃ ያላስገባ ነገር ሕዋስ አያስገባም። ሁሉም በእሷ መለኪያ ስለሚተማመን ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም፤ ወንድሟ ግን እግሩ ውስጥ ድንጋይ ተሸክሞ ሊቀር ነው። ለአለቃዋ ተናገረች። ሌላ ሠርቶ ለመፈተሽ ቀናት ያስፈልጋሉ፤ ሐኪሙ የሰጠው ሳምንት ግን ነገ ያልቃል። ቀዶ ሕክምናው ተሰረዘ።

ሆስፒታል ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አበላሸሁት» አለችና ሁሉንም እያለቀሰች ነገረችው።

ግንበኛ አይደል፣ ቶሎ ገባው። «ሲሚንቶ አበዛሁበት በያ!» ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

«እንዳይሰበርብህ ብዬ ነው።»

«ለሌላ ሰው ቢሆንስ?»

«በልኩ ነበር የምሠራው።»

ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ ጎተተና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ምነው እንደ ባዳ ባየሽኝ!» አላት።