ጎመን እምቢ ያለው ኤሊያችን

አሁን ከደቂቃዎች በፊት ኤሊያችን የቀረበለትን ጎመን ረግጦ አለፈና መጥቶ ጫቴ ላይ ቆመ።

ልጄ ሐናን መጀመሪያ ያመጣችው እስስት ነበር። እስስት ደግሞ የሚንቀሳቀስ ነገር ካልሆነ አይበላም። እኔ የቢሮ ሰውዬው፣ በጅግጅጋ ፀሐይ ሳምንት ሙሉ ፌንጣ ሳሳድድ ከረምኩ።

«ኤዶ»፣ አክስት፣ የምንላቸው ጎረቤታችን ሆዳን አዘኑልኝ። «ኤሊ ያዙ፣ ቅጠል ካገኘ ሌላ አይጠይቅም» አሉኝ። እስስቱን ለቀን ኤሊ አመጣን።

የትኛው ቅጠል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ከሰዓት ስቅም ገራባውን፣ ያንን የማይቃመውን ቅጠል፣ ፍራሹ ሥር እጥላለሁ። ለካ ኤሊው እየለቀመ ሲበላው ኖሯል! ይኸው ጎመን፣ ሰላጣ፣ ሐብሐብ ሁሉ እምቢ ካለ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጫት ሲመጣ ግን ከእኔ ቀድሞ ፍራሹ ጋ ይደርሳል።

ባለቤቴ «አንዱ አንሶኝ ሁለት ሆናችሁ» ብላ ትስቃለች።

ሐናን አልሳቀችም። «አባ፣ አንተ ብትተው እሱም ይተዋል?» አለችኝ።

እኔና ኤሊው ተያየን።

እስቲ ኤሊ ያላችሁ፣ ጎመን እንዲበላላችሁ ምን አደረጋችሁ? ጫት ተው እንዳትሉኝ ብቻ። በእሱ ልጄ ቀድማችኋለች።