የአባቴ ዓይንና የሙሽራዋ አልጋ

ባለፈው ሳምንት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ፣ ይርጋጨፌ መንገድ ዳር አንድ አናጢ የዋንዛ ሳንቃ ሲልግ አገኘሁትና ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ቆም አልኩ። ዲላ ያለው የቤተሰባችን የእንጨት ሥራ ቤት እንዲህ ይሸት ነበር። ያቋቋሙት አያቴ ሲሆኑ፣ በእኔ ልጅነት አባቴ ይቀርጻል፣ ታናሽ ወንድሙ ታደሰ ይገጣጥማል፣ እናቴ ደግሞ ቫርኒሽ ትቀባ ነበር።

ክረምት ሲገባ እንጨቱ አልደርቅ ስለሚል ሥራ ይቀዘቅዛል፤ እኔም ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ ከትምህርት ቤት መልስ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ክምር ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። አሥር ዓመት በሞላኝ ክረምት፣ አባቴ መሮውን ከማሳረፉ በፊት መስመሩን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ መፈለግ አበዛ። ደመናው ነው ይል ነበር። አንድ ቀን ደብተሬን ሰጠሁትና አተኩሮ አይቶ ጽሑፌ ማማሩን ነገረኝ። ለካ የከፈትኩለት ባዶ ገጽ ነበር። ደብተሩን ቀስ ብዬ ከእጁ ስወስድ እንዳወቅኩበት ገባው፤ መሮውን አስቀምጦ፣

«ለእናትሽም ለአጎትሽም እንዳትነግሪ» አለኝ።

ቡና ሲደርስ ወርቃ ከሚባል ገጠር አንድ ገበሬ መጥቶ፣ ጥር ላይ ለምትዳር ልጁ ራስጌው የቡና ቅርንጫፍ የተቀረጸበት አልጋ አዘዘ፤ አባቴም እሺ አለ። እኔም ቅርጹ እንዳይበላሽበት ማታ ማታ እጸልይ ጀመር። ከሰዓት ላይ ሄጄ ሳይ አንዳንዱ ቅጠል ተንጋዶ አገኘዋለሁ፣ በማግስቱ ስመለስ ግን ተቃንቶ ይጠብቀኛል። ጸሎቴ ተሰማ ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። አንድ ጠዋት ግን የረሳሁትን ደብተር ልወስድ ማልጄ ብገባ፣ አጎቴ ብቻውን ራስጌው ላይ አጎንብሶ የአባቴን ቅጠሎች በትንሽ መሮ ሲያርም ደረስኩበት። ሲያየኝ ደነገጠ። እኔም አለቀስኩና የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት።

«ከሰኔ ጀምሮ አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «ጋሼ እንዳይከፋው ብዬ ነው።»

አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም ያንኑ ምስጢር ለየብቻ ተሸክመን ከርመናል።

አጎቴ የዚያኑ ቀን ለእናቴ ነገራት። እናቴ የቫርኒሹን ጨርቅ አስቀምጣ አባቴን ፊት ለፊት ጠየቀችው። መጀመሪያ ድካም ነው አለ፣ በመጨረሻ ግን የፈራውን ተናገረ፤ ዓይኑ እንደማያይ ከታወቀ ቅርጹ ይቀርና የአባቱ ቤት እንደ ሌላው ሁሉ ልሙጥ ቁም ሳጥን ሲሸጥ ይኖራል።

«ያንተን ቅጠል ማረም እችላለሁ» አለው አጎቴ፤ «መጀመር ግን አልችልም። እባክህ ታከም።»

ታኅሣሥ ላይ ሐኪሙ የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ሲለን፣ ለካ ለወራት እስትንፋሴን ይዤ ኖሬ ኖሮ ያን ጊዜ ተነፈስኩ። አንደኛው ዓይኑ ተሠርቶለት በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ አባቴ እናቴን ትክ ብሎ አያትና እጇን ሳብ አድርጎ፣

«ቫርኒሹ እጅሽን እንዲህ አድርጎታል?» አላት። እናቴ እየሳቀች አለቀሰች። አልጋው በጊዜው አለቀ፤ መኪና ላይ ሲጫን አባቴ ራስጌውን ቅጠል በቅጠል አየና፣ የወንድሙን ትከሻ ይዞ ብዙ ቆየ።

ዛሬ የአጎቴ ልጅ በማሽን ይቀርጻል፤ ትልልቅ ዋንዛም እንደ ድሮው አይገኝም። አባቴ አርጅቶ ሥራ ትቷል። ያኔ የሚታየውንና የማይታየውን ሳይናገር ወራት ይከርም የነበረው ሰው፣ አሁን ጉልበቱን በጠዘጠዘው ቁጥር ከዲላ ይደውልልኛል፤ ምሳ ሰዓት ላይም ቢሆን፣ ክፍል ልገባ ስልም ቢሆን። የትኛው ጉልበት እንደሆነ፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ዘርዝሮ ያማርርልኛል፤ እኔም የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ደስ እያለኝ እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።