ላዛኛ ሲጋገር ብቻ የሚሞቅ ቤት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው የእናቴ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ፣ አራሷ የምትተኛበትን አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። ሽታው የሚመጣው ወለሉ ላይ ካለው፣ ሞቃት አየር ይወጣበታል ከሚባለው ቀዳዳ ነው። "ይባላል" ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁበት። የሚወጣው አየር አንድ ሰው እፍ ቢልብኝ ከሚሞቀኝ ያነሰ ነው።

እህቴ አርብ ጠዋት በኦፕሬሽን ወንድ ልጅ ወልዳ ገና ሆስፒታል ነች። የምትወጣው ማክሰኞ ነው። ጌይተርስበርግ ያለው አፓርታማቸው ጠባብ፣ የባሏም ሥራ አዳር ስለሆነ እናቴ ጋ እንድትታረስ የተወሰነው ገና ሆዷ ሳይገፋ ነው። እናቴ የክፍሉን መስኮት ዙሪያውን በፎጣ ጠቅጥቃዋለች። ለእናቴ ብርድ የሚገባው በመስኮት ብቻ ነው። ብርዱን በየክፍሉ የሚያከፋፍል ማሽን ቤታችን ውስጥ እንዳለ ላስረዳት ሞክሬ ሞክሬ ደክሞኛል።

ማሽኑ ምድር ቤት፣ ቤዝመንት፣ ያለው የኤሌክትሪክ ፈርነስ ነው። ውስጡ እንደ ቶስተር የሚግሉ ሽቦዎች አሉ፤ አየሩን በእነሱ ላይ አሳልፎ ወደየክፍሉ የሚነፋ ሞተርም አለው። ሽቦዎቹ አንድ ባንድ ሲቃጠሉ ሞተሩ መንፋቱን አያቆምም። የሚነፋው አየር ግን እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ እኛ ቤት ፈርነሱ ተበላሸ የሚባልበት ቀን የለም። ድምፁ አለ፣ ንፋሱ አለ፣ የመብራት ሒሳቡም ወር ጠብቆ ይመጣል። የሌለው ሙቀቱ ብቻ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያውን ቴርሞስታት በፋራናይት ስልሳ ስምንት ላይ ብናደርገውም ስልሳ ሁለትን አያልፍም። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቤዋለሁ፤ የተሠራው እኔ ሳልወለድ ነው። ስለ እሱ ባነሳሁ ቁጥር እናቴ "ታላቅሽን ተይው" ትለኛለች።

መቼ ይቀየር የሚለው ጥያቄ እኛ ቤት ወቅት አልተገኘለትም። በብርድ ሳነሳው፣ "አሁን በዚህ ብርድ ማን ይነቅለዋል? ዊንተሩ ይለፍ" ትላለች። በበጋ ሳነሳው፣ "በዚህ ሙቀት ስለ ሂተር ታወራለች እንዴ ይቺ ልጅ!" ብላ ትስቅብኛለች። ገንዘቡ ሰበብ እንዳይሆን እኔና እህቴ አስቀምጠናል። ባለፈው ፎል፣ ብርዱ ሳይገባ፣ እናቴ ሥራ በነበረችበት ሰዓት አንድ የሂተር ካምፓኒ በኢንተርኔት ጠርቼ፣ አይተውት ዋጋውን ነግረውኛል። የቀረው "እሺ" ብሎ መደወል ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ለማላውቀው ሰው ስልክ ከምደውል ዝናብ ላይ ብቆም የምመርጥ ሰው ነኝ።

ይህ ሁሉ ግን ምክንያት አይደለም። ዋናው ምክንያት ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ናቸው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ በአንድ ትልቅ አፓርታማ ጥገና ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አባቴ የሞተ ጊዜ፣ የአርባው ዕለት ሰዉ ሲበተን፣ በሩ ላይ ቆመው እናቴን፣ "እዚህ ቤት የሚበላሽ ነገር ቢኖር ሰው እንዳትጠሩ። እኔ አለሁ" አሏት። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ሰው ብሎን ፈትቶ አያውቅም። ጋሼ ከተጣሉ ማሽኖች ያወጡትን ዕቃ በካርቶን ይዘው፣ የቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ ዞረው ይመጣሉ። ሳንቲም አይቀበሉም። የሚቀበሉት የእናቴን ላዛኛ ብቻ ነው።

ችግሩም ላዛኛው ነው።

ጋሼ ሊመጡ ነው ሲባል እናቴ መጀመሪያ የምታደርገው ኦቨኑን መለኮስ ነው። እሳቸው ቤዝመንት ሠርተው ሲወጡ የሚቀመጡት ኪችን ውስጥ ነው፤ ኪችኑ ደግሞ በኦቨኑ ግሏል። እናቴ ሹራቧን አውልቃ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ "ኧረ ጋሼ፣ ቤቱ ነደደ! እጅዎ ይባረክ" ትላለች። አንድ ጊዜማ ሙቀቱ በዛብን ብላ መስኮት ከፈተች። ጋሼ ከሄዱና ኦቨኑ ከበረደ በኋላ ሹራቡ ይመለሳል፤ በላዩ ላይ ጋቢ ይደረባል። በሳምንቱ ይደውላሉ።

"ይሞቃል?"

"እሳት ነው፣ ጋሼ!"

ስልኩን ስትሰጠኝ እኔም ካፖርቴን እንደለበስኩ፣ "በጣም ይሞቃል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" እላለሁ። እና ጋሼ እየደጋገሙ የሚጠግኑት የነገርናቸውን ነው። የማንነግራቸው ደግሞ ብርዱን ነው።

ያን ቅዳሜ ሽታውን ተከትዬ ቤዝመንት ወረድኩ። ፈርነሱ ላይ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ብሬከር አጠገብ፣ አንዱ ወፍራም ሽቦ ሽፋኑ ቀልጦ ጠቁሯል።

"እማዬ፣ ሊያቃጥለን ነው። ካምፓኒውን ልጥራ" አልኳት ወደ ኪችን ሮጬ ወጥቼ።

"አብደሻል? ጋሼ ቢሰሙ ምን ይሉኛል?" ሽታው ደርሷት ኖሮ፣ ጋሼ ጋ ደውላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋዋለች። በሌላ እጇ ኦቨኑን እየለኮሰች ነው።

"እሺ፣ ኦቨኑን ተይው። ዛሬ ብቻ።"

"ከአሌክሳንድሪያ ድረስ የሚመጣን ሰው በባዶ ቤት ልቀበል?"

ላይ ወጥቼ አልጋውን አንጥፌ ጨረስኩ።

ጋሼ ሊመሽ ሲል መጡ። ቤዝመንት ትንሽ ቆይተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡና ከነጃኬታቸው ኪችን ተቀመጡ። ጃኬታቸውን ወዲያው አወለቁት። ኦቨኑ ሥራውን ሠርቷል።

"አንድ ሽቦ ነው የቀለጠው፤ ለውጬዋለሁ" አሉ። "ማሽኑማ ብረት ነው። የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ናቸው። ይሄ እኔን ይቀብረኛል።"

"ኧረ ጋሼ፣ እንዲህ አይበሉ!" እናቴ ሹራቧን እያወለቀች ነው። "አሁንማ ነደደ እኮ!"

ጋሼ ደስ አላቸው። ስልካቸውን አውጥተው ሆስፒታል ለእህቴ ደወሉላት፤ እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱት።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ! ቤቱን እሳት አድርጌልሻለሁ፤ አንቺ ነይ ብቻ።"

"ታንክ ዩ፣ ጋሼ! ስለ ቤቢው ብርድ በጣም ዎሪ እያደረግኩ ነበር። በቃ አሁን ሪላክስ አደርጋለሁ።"

እናቴን አየኋት። ላዛኛውን እየቆረጠች ነው። ቀና አላለችም። ያ ልጅ ገና አራት ቀን ሲሞላው እዚያ ክፍል ሊተኛ ነው፤ እናቱ እሳት ነው ተብላ ተማምናለች፤ እውነቱን የምናውቅ ሁለት ሴቶች ደግሞ ሰሐን እያቀራረብን ነው። ተናገሪ፣ ተናገሪ አልኩ ለራሴ። ከብዙ ትግል በኋላ የወጣኝ ይህ ብቻ ነው፦

"ጋሼ፣ የአራሷን ክፍል አይተውታል?"

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ምን ያደርግላቸዋል? ጉልበታቸውን እያመማቸው ደረጃ ታስወጫቸዋለሽ?"

"ለልጁማ እወጣለሁ" አሉ ጋሼ፤ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

ስንት ዓመት እኛ ቤት ሲመላለሱ ላይ ወጥተው አያውቁም። መኝታ ቤት የሰው ጓዳ ነው፤ ጋሼን የመሰለ ሰው ሳይጋበዝ አይወጣም፣ እኛም ጋብዘናቸው አናውቅም። የሚያውቁት ከፈርነሱ አጠገብና ከኦቨኑ አጠገብ ያለውን ቤት ነው። እኔ ከኋላ ከኋላቸው እወጣለሁ። ደረጃው መሐል ሲደርሱ ቆም አሉ። ጉልበታቸው መስሎኝ ነበር። ላይ ሲደርሱ ግን በእጃቸው ይዘውት የነበረውን ጃኬት ለበሱና ዚፑን እስከ አንገታቸው ሳቡት።

ክፍሉ ገብተው ጎንበስ አሉና መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ አደረጉ። ቆዩ። ከዚያ የሕፃኑን አልጋ ፍራሽ ነኩት። ከዚያ መስኮቱ ላይ የተጠቀጠቁትን ፎጣዎች አዩ።

"ልጁ የሚተኛው እዚህ ነው?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንዲህ የሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

ዛሬ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። "ካለፈው ዊንተር ጀምሮ።"

"እና ስደውል እሳት ነው ትሉኛላችሁ?"

"እንዳይቀየሙን ብለን ነው።"

"አሁን አልተቀየምኩም?"

እናቴ ከታች ጮኸች፦ "ጋሼ! ላዛኛው በረደ እኮ!"

"ምን ያድርግ፣ እዚህ ቤት ውስጥ አይደል ያለው" አሉ ጋሼ፣ ሳይስቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ብትነግሩኝ እኮ የተቃጠሉትን ሽቦዎች በሙሉ ባንድ ቀን እለውጣቸው ነበር።"

እዚህ ላይ ነው የመረረኝ። ስንት ወር ያነበብኩት፣ የጠየቅኩት፣ ለእናቴ በበጋም በብርድም የለፈለፍኩት አንድ ላይ መጣብኝ።

"ጋሼ፣ መለወጥ ያለበት ሽቦው አይደለም። ማሽኑ ነው።"

ድምፄ ጮክ ብሎ ነው የወጣው። ራሴ ደነገጥኩ።

"አባትሽ ቢሆን ይነግረኝ ነበር" አሉ ጋሼ። "እኔ የዚህ ቤት ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ እንግዳ ነኝ።"

ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። እናቴ ሰሐኑን ይዛ ተከተለቻቸው፤ "በሞቴ፣ በሞቴ ጋሼ፣ አንድ ጉርሻ!" እያለች በር ድረስ። ላዛኛውን በፎይል ጠቅልላ መኪናቸው ድረስ ወሰደችላቸው። አልተቀበሏትም። በፎይል የተጠቀለለውን ይዛ ስትመለስ ፊቷ ሌላ ሰው ሆኗል።

"ምን አልሻቸው?"

"ክፍሉን አሳየኋቸው።"

"ለምን?"

"ሕፃኑ በላዛኛ ነው የሚሞቀው?"

ለእናቴ እንዲህ መልሼላት አላውቅም። እሷም ሹራቧን ከወንበሩ አንስታ ለበሰች፣ ኦቨኑን አጠፋች፣ ላዛኛውን ሳይነካ ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። እኔ ልክ መሆኔን አውቃለሁ። ልክ መሆን ግን ያን ማታ ምንም አልጠቀመኝም። ጋሼ ተቀይመዋል፣ እናቴ አኩርፋለች፣ እህቴ ተማምናለች፣ ቤቱም እንደቀዘቀዘ ነው።

እሁድ ጠዋት ስነሳ እናቴ ሳትቀሰቅሰኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ቴርሞስታቱ ስልሳ አንድ ይላል። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና የምለውን ለራሴ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልኩት በኋላ ካምፓኒው ጋ ደወልኩ። በፎል ያያችሁት ቤት ነው፣ ባላችሁኝ ዋጋ ተስማምቻለሁ፣ ሕፃን ሊመጣብን ነው አልኳቸው። ነገ ጠዋት መጥተው እንደሚቀይሩት ነገሩኝ። በቃ ይኸው ነው። ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህንን ነው።

ከዚያ ጋሼ ጋ ደወልኩ። ይህኛው ከበደኝ። ረጅም ጠራ።

"አቤት" አሉ። ድምፃቸው ደርቋል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ።"

ከዚያ፣ ለምደውት ይሁን ሊወጉኝ ፈልገው አላውቅም፣ "ይሞቃል?" አሉኝ።

"አይሞቅም፣ ጋሼ። ስልሳ አንድ ነው።"

"ስልሳ አንድ" አሉ።

"ነገ ጠዋት ከአንድ ካምፓኒ ማሽኑን ሊቀይሩት ይመጣሉ። አሁን ነግሬያቸው ነው። እርስዎ ሳይሰሙ እንዳይሆን ብዬ ነው የደወልኩት።"

ሊዘጉብኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "ሽታው አለ?" አሉ።

አሸተትኩ። "ትንሽ ትንሽ አለ።"

"ብሬከሩን አጥፊው። አሁን። ስልኩን ሳትዘጊ ውረጂ።"

ወረድኩ። ፈርነሱ እያጓራ ቀዝቃዛ አየሩን ይነፋል። ሁለት ትልልቅ ጥቁር ማጥፊያዎች አሉት። የመጀመሪያውን ወደ ታች ሳብኩት፣ እሺ አለ። ሁለተኛው ደረቀብኝ።

"በርቺ፣ ጫን አድርጊው" አሉኝ ጋሼ በስልኩ።

ጫን አደረግኩት። ቀጭ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ጉርምርምታ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ።

"ጠፋ?"

"ጠፋ።"

"ካፖርትሽን ልበሺ። ቤቴ ያለችውን ትንሽ ሂተር ይዤ እመጣለሁ። ነገም ሲነቅሉት ቆሜ አያለሁ፤ ዝም ብሎ አይጎተትም እሱ።" ከዚያ ጨመሩ፦ "ለእናትሽ ንገሪያት። ኦቨን እንዳትለኩስ።"

ወደ ላይ ወጥቼ ካፖርቴን ለበስኩ። ከዚያ ከፍሪጅ ያልተነካውን ላዛኛ አወጣሁና ለጋሼ የሚሆን ቆርጬ፣ ሲመጡ በማይክሮዌቭ ላሞቀው ሰሐን ላይ አስቀመጥኩት።