ቡና የሚነክሰው አሻንጉሊት

እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ሱቄ ገብቶ «እንዴት ዋልሽ» የሚለኝን ሁሉ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እያልኩ ነው የማየው። ጠባዩን ከአባትሽ ወረስሽው ይሉኛል። ልዩነቱ፣ አባቴ ሲጠራጠር ሰው ይስቃል፤ እኔ ስጠራጠር ሰው ይቀየመኛል።

አባቴ በወጣትነቱ ከጅማ አካባቢ መጥቶ ሚዛን ተፈሪ የቀረ ቡና ገዢ ነው። ገበሬው ከሸዋ ቤንች፣ አንዳንዱም ከቱም ድረስ፣ ከነቅርፊቱ የደረቀውን ጀንፈል ቡና በጆንያ ጭኖ ይመጣል። አባቴ እጁን ጆንያው ውስጥ እስከ ብብቱ ይሰድና ከታች፣ ሰው እርጥቡን ከሚደብቅበት ቦታ፣ አንዲት ፍሬ ያወጣል። ቅርፊቷን ፈልፍሎ በመንጋጋው ይነክሳታል። የደረቀች ፍሬ ቀጭ ትላለች። ያልደረቀች ድምፅ የላትም፤ ጥርስ ዝም ብሎ ይገባባታል። ያኔ አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ «እህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ኦሮምኛው አማርኛውን እየጎተተበት፣ «ገና ነው። መልሰህ አስጣው» ይላል። ገበሬውም እየሳቀ ጆንያውን መልሶ ይሸከማል።

በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። እሱ ግን ነገሩን ቤት ይዞት ገባ። ወንድሜ ፈተናው ቀላል እንደነበር ሲያወራ፣ እኔ ጓደኛዬ ታማ ነው ያመሸሁት ስል፣ የቀበሌ ሰው ውሃው በዚህ ሳምንት ይመጣል ሲል፣ አባቴ ከኮቱ ኪስ አንዲት ፍሬ ያወጣል፣ ይነክሳል፣ ያዳምጣል። «ገና ነው። መልሰሽ አስጪው።» ስንት ውሸቴን እንዲህ አድርጎ እንዳስዋጠኝ አላህ ይወቀው።

ካቻምና አንድ ጠዋት ቀኝ ጎኑን መታውና አንደበቱ ተያዘ። ይሰማል፣ ነገሩ ሁሉ ይገባዋል፣ ቃል ግን አይወጣለትም። ወንድሜ ከቴፒ መጥቶ አለቀሰና ተመለሰ። አባቴን ይዤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ቡና እንዳያንቀው ብዬ ፍሬ የሚባል ነገር ከኪሱ አጠፋሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሱቄ አጠገብ ካለው ሻይ ቤት ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አሁን ሁሉም ሰው የሚወደው አንድ አሻንጉሊት ነበር። ቅንድቡ ወፍራም፣ ኮቱ ሰፊ፣ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ እሑድ እሑድ በቀጥታ ሥርጭት ዘፋኝና ኳስ ተጫዋች እየጋበዘ የሚያላግጠው። አዲስ ፕሮግራም ስለሆነ እኔ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። እንግዳው ዘፋኝ «አልበሜ አልቋል፣ በዚህ ወር ይወጣል» አለ። አሻንጉሊቱ ትንሿን እጁን ኮቱ ኪስ ከተተ፣ አንዲት የቡና ፍሬ አወጣ፣ ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ።

«እህ። ገና ነው። መልሰህ አስጣው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ክው ብዬ ቀረሁ። ቃሉ ብቻ አይደለማ! ጉሮሮ ጠረጋው፣ ጎተት ያለው አማርኛ፣ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ማድረጉ ሳይቀር የአባቴ ነው። አባቴ ቤት አልጋው ላይ «ውሃ» ማለት አቅቶት እያለ፣ አንድ የጨርቅ አሻንጉሊት በእሱ አፍ አገር ያስቃል። ደሜ ፈላ። ይህን ቢያይ ልቡ ይሰበራል ብዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና የዲሹን ገመድ ነቀልኩት።

«ንፋስ አዙሮታል መሰለኝ፣ አባ» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝ። ደህና ቢሆን ኖሮ አንድ ፍሬ ይነክስብኝ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን ለአሻንጉሊቱ የሸጠውን ሰው መፈለግ ሥራዬ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ወንድሜን ነው። ቴፒ ደወልኩለትና ሰላምታ ሳላስጨርሰው «ማንን ነው ስለ አባ ያጫወትከው?» አልኩት።

«ወላሂ ማንንም! አንቺ ልጅ ምን ነክቶሻል? ደግሞስ እሱን የሚያውቅ ገበሬ ሁሉ ጫካውን ሞልቶት የለ እንዴ!»

እውነቱን ነው ብዬ ልተወው ስል ረመዳን ገባ። አባቴ ደህና ሳለ በጾም ቀን ፍሬ አፉ አያስገባም ነበር። በሁለት አውራ ጣቶቹ ጥፍር መሐል ይይዛትና ጆሮው ሥር ይሰብራታል፤ ስትሰበር ያዳምጣል። ይህን ደግሞ ገበሬ አላየውም፤ በረመዳን ቡና አይገዛም ነበርና። የሚያየው የቤት ሰው ነው። በጾሙ የመጀመሪያ እሑድ ሱቄ ውስጥ ተደብቄ በስልኬ ፕሮግራሙን ከፈትኩ። አሻንጉሊቱ ፍሬዋን ወደ አፉ አስጠግቶ ቆም አለ፤ «ለካ ጾም ነው!» ብሎ ጆሮው ሥር ይዞ ሰበራት።

ጉድ እኮ ነው! የቤት ሰው ነው የሸጠን።

በቤታችን ከእኔና ከወንድሜ ሌላ በረመዳን ገብቶ የሚወጣ ሁለት ሰው ብቻ ነበር። አንዷ የግቢ ጎረቤታችን ናቸው፤ የቤንች ተወላጅ፣ ባል የሞተባቸው ጴንጤ እናት፣ አባቴን እንደ ወንድማቸው የሚያዩ። እሑድ ከቸርች ሲመለሱ፣ እኔ ሱቅ እያለሁ፣ አባቴን ደግፈው «አየር ይቀበሉ» እያሉ ወደ እሳቸው ቤት ይወስዱታል። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን ነገራቸው ሁሉ ከነከነኝ። አባቴ ከእሳቸው ዘንድ ሲመለስ ፊቱ ፈክቶ ነው። ሸሚዙ ላይ የቡና ቅርፊት አገኛለሁ። ኢድ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ኪሱን ስፈትሽ ሦስት ፍሬ ወጣ።

«እማማ፣ ቡና ማን ሰጠው? ቢያንቀውስ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። በግራ መንጋጋቸው ደህና አድርገው ይነክሳሉ» አሉኝ፣ ምንም ሳይደነግጡ። እየቀረጹት ለአሻንጉሊቱ ሰዎች ይልካሉ ብዬ ልቤ ቆረጠ። እንዲያውም ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ይቀር ነበር።

ሁለተኛው ሰው ትዝ ያለኝ ስልካቸው ሲጠራ ነው። አንስተው «አለህ ልጄ? አባባ ደህና ናቸው» ሲሉ ሰማሁ። የደወለው ግቢያችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ተከራይቶ ኮሌጅ ያስተምር የነበረው ወጣት ነው። አባቴ ሳይታመም በፊት ነው አዲስ አበባ የገባው። እኔ ያን ሰው ከመጣበት ቀን ጀምሮ አልወደድኩትም። ዝምተኛ ነው፣ በሩን ዘግቶ ለብቻው ያወራል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ አላለፍኩም። ለካ ለብቻው አልነበረም የሚያወራው! አንድ ጊዜ በመስኮት ያየሁት ትዝ አለኝ፤ እጁ ላይ ካልሲ አጥልቆ ከካልሲው ጋር ነው። አሻንጉሊቱን የሚያናግረው እሱ ነው!

ቁጥሩን ከእማማ ላይ በግድ ተቀበልኩና ሱቄን ዘግቼ ደወልኩ።

«አባቴን የአገር መሳቂያ አደረግኸው አይደል?» አልኩት። «አፍ አጥቶ እንደተኛ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ፣ እህቴ። ግን አባባ ራሳቸው…»

«አባባ አትበለው! ሌላ ጊዜ አሻንጉሊትህ ያንን ፍሬ ሲነክስ ባየው አዲስ አበባ ድረስ መጥቼ አዋርድሃለሁ። አባት የለህም?»

«እሺ» አለ። ዘጋሁበት። ኮራሁ። አባቴን የሚጠብቅለት ሰው እኔ ነኝ አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁና ወደ ግቢ ገባሁ። የእማማ በር ክፍት ነው። አባቴ ሶፋቸው ላይ ጋቢውን ለብሶ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ቴሌቪዥኑ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አሻንጉሊቱ። አባቴ ግራ እጁ ላይ አንዲት የተፈለፈለች ፍሬ ይዟል። መግባቴን አላየም።

አንድ ተዋናይ «ከሚስቴ ጋር አንድ ቀን ተጣልተን አናውቅም» አለ። አባቴ ፍሬዋን ወደ አፉ አስጠጋና ጠበቀ። አሻንጉሊቱ እጁን ወደ ኪሱ ላከ፣ መለሰው። «በጣም ደስ ይላል» አለ። አባቴ ፍሬዋን ከአፉ አወረደ። ተዋናዩ ሌላ ዋሸ። አባቴ አሁንም አነሳ፣ አሁንም ጠበቀ። ምንም የለም።

«ዛሬ ምን ሆኗል?» አሉ እማማ። ዞር ሲሉ እኔን አዩ፤ ፊቴ ላይ ነገሩን አነበቡት መሰለኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው ልጄ? ልጁን ምን አልሽው? ያስተማሩት እኮ እሳቸው ናቸው። እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው፣ 'ላስከው እንጂ መች ነከስከው! በመንጋጋህ!' እያሉ። ሊሄድ ሲል ፈቃድ ቢጠይቃቸው፣ 'ውሰደው፣ የከተማ ወሬ ሁሉ እርጥብ ነው፣ እየነከስክ መልስላቸው' ብለው መረቁት። ለእሷም እንንገራት ብላቸው፣ 'እሷ ትጠረጥረዋለች፣ ተያት' አሉኝ።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ረስቶት ነው፣ አባ» አልኩት። «የሚመጣው እሑድ ይነክሳል።»

አየኝ። ፍሬዋን በግራ መንጋጋው አስገባና ሳያስጮኻት ቀስ ብሎ ጫን አላት። ዓይኑን ጨፈነ። ቃል አልወጣውም፤ እኔ ግን ጉሮሮ ጠረጋው ሳይቀር ሰማሁት። መልሰሽ አስጪው።

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት» አልኩ። እንባዬ መጣ። «ደውዬ ሰድቤ ያስቆምኩት እኔ ነኝ፣ አባ። የሚያዋርድህ መስሎኝ።»

እጁን ኪሱ ከተተ። ሌላ ፍሬ አወጣ፣ ነከሰ። ቀጭ አለች። ራሱን አንዴ ነቀነቀልኝ፤ ከዚያ ፊቱን ከእኔ አዙሮ ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ፣ ሦስተኛዋን ፍሬ በመዳፉ ይዞ መጠበቁን ቀጠለ።