«ተነስተዋል» ያልኩበት ጠዋት

በመስከረም 1954 ዓ.ም. ኮንጎ፣ ካታንጋ ክፍለ ሀገር ውስጥ አንድ የአውሮፕላን ማረፊያ እንድንጠብቅ ታዘዝን። ሰላም አስከባሪ ተብለን ከኢትዮጵያ የዘመትን ነን። መቶ አለቃችን ትእዛዙን በአጭሩ ነገሩን፤ «ሜዳውን አትልቀቁ። አውሮፕላን ይላክላችኋል።»

እኔ የሬድዮ ሠራተኛ ነበርኩ። የካታንጋ ተገንጣዮች የነበራቸው አንድ ጄት ብቻ ነው። አንዱ ግን በቃን። ጠዋት ይመጣል፣ ከሰዓት ይመለሳል። ከምሽግ ቀና ማለት አቃተን። የእኛ ጄቶች አገር ቤት ቆመዋል። መንገዳቸው በኡጋንዳ በኩል ነው፤ ኡጋንዳ ደግሞ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ናት። የማለፊያ ፈቃዱ ከለንደን እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን። ሦስት ቀን ጠበቅን።

በአራተኛው ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መልእክት ገባ። «አውሮፕላኖቹ ተዘጋጅተዋል፤ ፈቃድ ይጠበቃል» ይላል። አጠገቤ አስር አለቃ በላይነህ ነበር። ሦስቱን ቀን ቁስለኛ ሲያመላልስ ዓይኑ ደም መስሏል።

«ምን አሉ?» አለኝ።

ፊቱን አየሁትና እውነቱን መናገር አቃተኝ።

«ተነስተዋል» አልኩት።

ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ምሽጉን አዳረሰው። ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ ሰማሁ። በላይነህ አብራሪዎቹ የወገንን ቦታ የሚለዩበትን ጨርቅ ይዞ ወደ ሜዳው ወጣ። ልጠራው ነበር። አፈርኩ። ሲመለስ እነግረዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ጨርቁን ዘርግቶ ሳይጨርስ የሞተር ድምፅ መጣ። በላይነህ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት እጁን አውለበለበ። «የእኛ ነው! የእኛ ነው!» ይላል። የጠላት ጄት መትረየሱን ከፈተ። ወታደር ደምሴና ወታደር ኃይሉ ሊያነሱት ሮጡ። ጄቱ ዞሮ ተመለሰ።

የእኛ ጄቶች የደረሱት ተኩሱ ከቆመ በኋላ ነው።

ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ፣ ስዊድን አገር ሶልና በሚባል ከተማ ሆስፒታል ልቤን ለመታየት ተራ ስጠብቅ፣ አጠገቤ አንድ ስዊድናዊ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። ሌናርት ይባላል። ከየት እንደሆንን ጠየቀ፤ ልጄ ሰላማዊት መለሰችለት። ኢትዮጵያ ሲባል ፊቱ ተለወጠ። ለካ እሱም ከስዊድን ሰላም አስከባሪ ጦር ጋር ከዚያው ሜዳ ማዶ ነበር።

«እኛም አውሮፕላኖቻችሁን ስንጠብቅ ነበር» አለ። «አንድ ሰው ጨርቅ ይዞ ሲወጣ አየሁ። ለምን ወጣ?»

ሰላማዊት ተረጎመችልኝ። ለእሷም ለእናቷም ነግሬ የማላውቀውን ያን ጊዜ አወጣሁት። እየተረጎመች መሃል ላይ ቆመች።

«አባባ፣ ይህንንም ልንገራቸው?»

«ንገሪው።»

ነገረችው። ሌናርት እጁን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ። ነርሷ ስሙን እስክትጠራ ድረስ አላነሳውም።

ወደ ሰፈራችን ወደ ቮርቢ ጎርድ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ስንመለስ ሰላማዊት ወደ እኔ ዞረች። «የሞቱትን ስማቸውን ይንገሩኝ» አለችኝ።

ነገርኳት። በላይነህ። ደምሴ። ኃይሉ። ሦስት ናቸው። ያን ጠዋት ከእኛ ክፍል ከእነሱ ሌላ ማንም አልሞተም።

ከዚያ ጠዋት በዓመቱ ኡጋንዳ ነፃ ወጥታ ነበር። የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ ሲባል በሬድዮ ሰማን። ጓደኞቼ አጨበጨቡ፤ እኔ አልቻልኩም። ብዙ ዘመን እንግሊዞችን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ፈቃዱ የዘገየው በእነሱ እጅ ነውና ወቀሳዬ ሐሰት አልነበረም። «ተነስተዋል» ያልኩት ግን እኔ ነኝ።