የመረረው ወተት

በደርግ ጊዜ ነው፤ ባሕር ዳር፣ በፍልሰታ ጾም። ልጆቼን የማሳድግባት የላሜ ወተት መረረ ብለው የማይጾሙት ደንበኞቼ ቀበሌ ከሰሱኝ። ጾመኛ ነኝና እኔ አልቀመስሁትም። ግጦሹ ላይ ዘንድሮ የበቀለውን፣ ቅጠሉ የካሮት የሚመስል፣ አበባው ነጭና ደቃቅ የሆነ አረም ነቅዬ፣ ከወተቱም በኩባያ ይዤ ቀበሌ ሄድሁ።

«ይህን በልታ ነው» አልሁ።

ሊቀ መንበሩ ጮኸ፦ «መድኃኒት ጨምረሽበት ነው! ካልጨመርሽ በሰው ፊት ቅመሽው፤ አለዚያ ላሚቱ ትወረሳለች!»

«ጾም ነው። ብትገድሉኝም አልቀምስም።»

«ጾም የአድኃሪ ወሬ ነው!»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅመሱታ!» ብዬ ኩባያውን አስጠጋሁለት።

ከንፈሩ ድረስ አድርሶት ቆመ። ሰዉን ሁሉ አስወጣና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ ላምዎን ይዘው ይሂዱ፤ እኔም ጾም ይዣለሁ» አለኝ።