ከዋርካው ሥር የተያዘ ቃለ ጉባኤ

የታሰርንበት ክፍል ከእኛ በፊት የቀበሌው ኅብረት ሱቅ መጋዘን ነበር። በሩ ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፈተር መጀመሪያ የተቀበለኝ የላምባና የልብስ ሳሙና ሽታ ነው። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የቀረ ስኳር ስለነበር ጉንዳኖች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰልፈው ይመላለሳሉ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እዚያ ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን ነበር ብትሉኝ፣ "እነዚህ ከእኛ የኳስ ቡድን የተሻለ ይቀባበላሉ" የሚል ነው።

እውነቴን ነው። ያን ዓመት የአዋሳን ሜዳ የረገጠ ሰው አይፈርድብኝም። በረኛችን ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል። አጥቂያችን ከጎሉ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሞ ወደ ሰማይ ይለጋል። አሣ አጥማጆቹ "ዛሬስ አንድ ኳስ እንኳ ሐይቁ ውስጥ አትልኩልንም?" እያሉ ያላግጡብን ነበር። ከመስከረም እስከ ግንቦት ያሸነፍነው አንድ ጨዋታ ነው፤ እሱንም ተጋጣሚያችን መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ሳይመጣ ቀርቶ።

ታዲያ እኛ ደጋፊዎች አንድ ልማድ ነበረን። ስንሸነፍ ማንም ቀጥ ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሐይቁ ዳር ካለው ዋርካ ሥር እንሰበሰባለን፤ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎችም ከላይ ሆነው እንደ ሸንጎ ዳኛ ቁልቁል ያዩናል። ተጫዋች መስደብ ክልክል ነው። መናገር የፈለገ ሰው ይነሳና "ጥፋቱ የኔ ነው" ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ የራሱን ጥፋት ይናዘዛል። አንዱ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገድ ያለውን ኮፍያዬን ሚስቴ ስታጥብብኝ ዝም አልኩ" ይላል። ሌላው "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሁለተኛው ጎል ሲገባ ሽንቴን ልሸና ወጥቼ ነበር። ብኖር አይገባም" ይላል። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ስለተባለ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ እኔ ነበርኩ። የምጽፈው ቃሉን ብቻ ነው። ሽንፈት የሁሉም ነውና የተናጋሪው ስም አይጻፍም።

አንድ እሁድ አራት ለባዶ ተሸነፍን። የቡድናችን ትጥቅ ጠባቂ፣ የልጆቹን ጫማ በሞራ እያሹ የሚያለሰልሱ ሽማግሌ፣ ዋርካው ሥር ተነሡ። ብዙ ጊዜ አይናገሩም ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ሁለቱ ልጆች ከልምምድ ሜዳ በካሚዮን ተጭነው ወደ ጦር ሲወሰዱ፣ ጫማቸውን ታቅፌ ቆሜ አየሁ። አማካይና ተከላካይ የተነጠቀ ቡድን በምን ያሸንፋል? ልጅ የምናሳድገው ለጥይት ነው እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። እኔ ግን ጻፍኩት።

ቀጥሎ የሠራሁትን ሳስበው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ይግላል። የቃለ ጉባኤው ደብተርና የፖለቲካ ትምህርት ደብተሬ ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ ሽፋናቸውም አንድ ዓይነት ነበር። ሰኞ ጠዋት የቤት ሥራ አስረክቡ ስንባል ዋርካውን አስረከብኩ። ደብተሩ ከዚያ በኋላ በማን በማን እጅ እንደዞረ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ከክፍል አስወጡኝ።

የጠየቀኝ ካድሬ ወጣት ነው። ሳፋሪ ለብሷል፤ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ደብተሬን በጣቱ መታ መታ እያደረገ፦

"ይህን የተናገረው ማነው?" አለኝ።

"ስም አንጽፍም።"

"ስም የማይጻፍበት ስብሰባ ምን ይባላል፣ ጓዲት?"

"የደጋፊ ስብሰባ።"

ከዚያ ስለሆነው ብዙ አልልም። ለሁለት ሳምንት ያህል እግሬ ጫማ አልቻለም። እናቴ በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ ዕቃው ባዶ ሆኖ ሲመለስላት መኖሬን ታውቃለች።

በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ካድሬው እንደገና አስጠራኝ። ያን ቀን ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"ማትሪክ መቼ ነው?"

"ረቡዕ።"

አንድ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "አንድ ስም። ሌላ ምንም አልፈልግም። ሰኞ ታስረክቢኛለሽ፣ ረቡዕ ፈተናሽ ላይ ትቀመጫለሽ።"

ወረቀቱን ይዤ ወደ መጋዘኑ ተመለስኩ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት ነበርን። አንደኛዋ ከወሎ ለሥራ የመጣች ታይፒስት ናት፤ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ተበትኖ ፊደሉ የማን የጽሕፈት መኪና ነው ሲባል የእሷ ሆነ። ሌላዋ ከቱላ የመጡ ቆጮ ነጋዴ ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ልጃቸው ለውትድርና ሲጠራ ጠፋ። ልጁ እስኪመጣ እሳቸው ይቀመጡ ተባለ፤ ስድስተኛ ወራቸው ነበር። አማርኛ የተማሩት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም አንተ ነው የሚሉት።

የሽማግሌውን ነገር ነግሬአት ስለነበር ታይፒስቷ ወረቀቱን አይታ ወዲያው ገባት።

"ጻፊና ውጪ፣ አንቺ ልጅ። ሽማግሌ ናቸው፤ ምን ያደርጓቸዋል?"

"እኔን ምን አደረጉኝ?" ብዬ እግሬን አሳየኋት።

ፊቷን አዞረች። ግን አላስቻላትም። "አሥራ ሁለት ዓመት ተምረሽ፣ ለተሸናፊ ቡድን!"

እማማ ከጥግ ሆነው ያዳምጣሉ። "አንተ፣ ይሄ ኳስ ያበላል?" አሉኝ።

"አያበላም እማማ።"

"ያለብሳል?"

"ማልያውን እንኳ እኛ ነን አዋጥተን ያሰፋነው።"

"ታዲያ ከተሸነፈ በኋላ ሰው ምን ይሠራል?"

"በሚቀጥለው እሁድ ተመልሶ ይሄዳል።"

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ እንኳ ጥሩ ነው" አሉ።

ያ እሁድ የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ካላሸነፍን እንወርዳለን። ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ የሜዳውን ድምፅ አንስቶ እስከ መጋዘናችን ያመጣል። መስኮታችን ጣሪያ ሥር ያለች የጡብ ቀዳዳ ናት። እኔ ባልዲውን ደፍቼ ላዩ ላይ ቆምኩና ጆሮዬን ወደ ቀዳዳዋ ሰጠሁ። ምን ልበላችሁ፣ ለሁለት ዓመት ያንን ሜዳ በዓይኔ አየሁት እንጂ አንድም ቀን አልሰማሁትም ነበር።

"ይሄ ፉጨት ዳኛውን ነው... ይሄ ደግሞ የማዕዘን ምት ነው፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሲይዝ... አሁን በረኛው ዓይኑን ጨፍኗል።"

"በምን አወቅሽ?" አለች ታይፒስቷ።

"ሴቶቹ ጮኹ።"

ከዚያ ሜዳው ጸጥ አለ። ሲገባብን እንደዚያ ነው፤ ጎል ሳይሆን ሰው የሞተ ይመስላል። እማማ ሳልነግራቸው ገባቸው፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ግን በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ መጣ። ከባልዲው ዘለልኩ፤ የእግሬን ቁስል ረስቼው ነበርና ወዲያው ቁጭ አልኩ። ታይፒስቷ፣ ለተሸናፊ ቡድን ያለችኝ ሴት፣ ቦታዬን ይዛ ባልዲው ላይ ወጥታለች።

"አንድ እኩል ነን አይደል? ለማለቅ ስንት ደቂቃ ይቀራል?"

"ዝም በይ፣ ስሚ!"

ሰማን። ጸጥታውን ሰማን። ቆይቶ የሚበተን ሰው የጫማ ኮቴ።

ከበሩ ውጭ አንድ ዘበኛ አለ፤ ድምፁን እንጂ ፊቱን በደንብ አላውቀውም። ሳንጠይቀው በሩን በጣቱ ቆረቆረና "ሁለት ለአንድ" አለ። ትንሽ ቆይቶ "ወረድን" አለ። ወረዱ አላለም።

 ኋላ እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ስለ ዋርካው ነግሬአቸው ነበር።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ልጄ ሲሮጥ ፈረስ አይደርስበትም። ለኳስ መስጠት ነበረብኝ። ለጫካ ሰጠሁ።"

መጀመሪያ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ በየአፋችን ቀረ። ታይፒስቷ ተነሣች።

"ጥፋቱ የኔ ነው። ተሸናፊ ብያችኋለሁ።"

ከበሩ ውጭ ሳል ተሰማ። "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ ዘበኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ተረኛ ነበርኩ። ሜዳ አልሄድኩም።"

"አንተ በሩን ብትከፍት ሁላችንም ሄደን ነበር!" አሉት እማማ።

ሳቁን በእጁ ሲያፍን ሰማነው።

ተራው የኔ ሆነ። ዋርካው ሥር ሁልጊዜ ቀልድ አይጠፋኝም ነበር። ያን ቀን ግን ያለኝ እውነቱ ብቻ ነው፤ ለማንም ነግሬው አላውቅም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። "ደብተሩን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው፣ ግን እኔ ነኝ። እሳቸው ሸንጎው ላይ ነው የተናገሩት፤ ቃላቸውን ከሸንጎው ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ታይፒስቷ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የተጣጠፈውን ወረቀት ከትራሴ ሥር አውጥታ ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው፤ እንዳይሸበሸብም ምሳ ዕቃዬን ከሥሩ አደረገችልኝ።

"በል ጻፍ" አሉ እማማ።

"ኅዳግ ተዪ" አለች ታይፒስቷ።

ኅዳግ ትቼ ጻፍኩ። ሙሉ ስሜን ከእነ አያቴ አስቀድሜ፣ እንዲህ አልኩ፦ "ጥፋቱ የኔ ነው። ቃሉን የተናገርኩት እኔ ነኝ። የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሁለቱ ልጆች አልተወሰዱም የሚል ካለ፣ በሚቀጥለው እሁድ ሜዳ ላይ ያሳየን።" ፈረምኩበት። እውነት ለመናገር መልሼ መላልሼ አነበብኩት። ፈርቻለሁ፤ ግን አማረልኝ! በትምህርት ቤት ስንት ድርሰት ጽፌ አንዱም እንደዚያ አልቆመልኝም። አንድም የሚቀነስ ቃል አልነበረውም።

ሰኞ ካድሬው ሁለት ጊዜ አነበበው። አጣጥፎ ከእስክሪብቶዎቹ ጎን ኪሱ ከተተው።

"ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው" አለኝ።

"አውቃለሁ።"

"አንቺ እንዲህ ያለ ነገር አትናገሪም። ይሄ የትልቅ ሰው ቃል ነው።"

"ፊርማዬ አለበት" አልኩት።

ረቡዕ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል እስከ እኛ ተሰማ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ጉንዳኖቹን እያየሁ ነበር። ታይፒስቷ ጎትታ አስቀመጠችኝና ጸጉሬን ትሠራኝ ጀመር።

"ፈተና ያለበት ሰው ጸጉሩ አይንጨባረርም።"

"እኔ እኮ ፈተና አልሄድም።"

"ፈተናሽንማ ሰኞ ተፈትነሽ መጣሽ" አለችኝና ሹሩባዬን አጥብቃ ጨረሰችው።

የተፈታሁት ክረምቱ ሲገባ ነው። ለምን እንደታሰርኩ በወረቀት እንዳልሰጡኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። ትጥቅ ጠባቂውን ማንም አልጠራቸውም። በዝናብ ቤቴ ስደርስ እናቴ ምሳ ዕቃውን እያጠበች ነበር።

አሁን ያ መንግሥት ሄዷል። እኔም አሥራ ሁለተኛን ደግሜ ማትሪክን ወሰድኩ፤ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው። እስኪመጣ ድረስ ያገኘሁት ወረቀት ላይ ሁሉ እጽፋለሁ። ታይፒስቷ ወደ አገሯ ሄዳለች። እማማ አንድ እሁድ ከቱላ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው ሜዳ ድረስ መጡ። ስለ ልጃቸው አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አላነሱትም። በረኛችንን ገና ሲያዩት "አንተ፣ ዓይን ክፈት!" ብለው ጮኹ፤ የዙሪያው ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከሁለቱ ልጆች አንዱ ተመልሷል። በምርኩዝ መጥቶ መስመር ዳር ይቀመጣል። ትጥቅ ጠባቂው ግን አሁንም የሁለቱንም ልጆች ጫማ በሞራ ያሻሉ።

የምንጫወተው በታችኛው ዲቪዚዮን ነው። እዚያም እንሸነፋለን! ባለፈው እሁድ ሁለት ለባዶ። ዋርካው ሥር ስንሰበሰብ አንዱ ወጣት ተነሥቶ፣ "አሁን እኮ የሚያስፈራ ነገር የለም፤ ከእንግዲህ የተናጋሪው ስም ይጻፍ" አለ። ጥቂቶች አጨበጨቡ። እኔ አዲሱን ደብተር ጉልበቴ ላይ እንደያዝኩ፣ "አይጻፍም" አልኩ። 

ቀጥሎ ትጥቅ ጠባቂው ተነሡ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ዋርካው ሥር ተናግረው አያውቁም ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ሰውን ትተው እኔን እያዩ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። ተጨማሪ ቃል ሳይወጣቸው ተቀመጡ።

ቃሉን ጻፍኩት። ስም አልጻፍኩበትም።